ካምፓልዲኖ 1289፦ የአሬዞ ፈረሰኛ መሃሉን ገፍቶ ሳለ እንዴት ተሸነፈ? ለተማሪዎች በአሸዋ ጠረጴዛ ለማሳየት

መምህር ዘደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የታሪክ ክበብ የካምፓልዲኖን ጦርነት በአሸዋ ጠረጴዛ ላይ ለማሳየት እያዘጋጀሁ ነው። ጁን 11 ቀን 1289 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስና አሬዞ የተባሉት የጣልያን ከተሞች በላይኛው የአርኖ ሸለቆ፣ ካዜንቲኖ በሚባለው አገር፣ ከፖፒ ከተማ አጠገብ የገጠሙበት ነው። ጠረጴዛው ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.20 ሜትር ነው። ለሠራዊቱ እዚሁ ገበያ የሚገኝ እህል እጠቀማለሁ፤ የፍሎረንስ ፈረሰኛ ባቄላ፣ እግረኛው ድፍን ምስር፤ የአሬዞ ፈረሰኛ ሽምብራ፣ እግረኛው የምስር ክክ።

የቸገረኝ ይህ ነው። መጀመሪያ ያጠቃው አሬዞ ነው። የፍሎረንስን የፊት መስመር ከፈረስ ጥሎ፣ ዋናውን ጦር ወደ ኋላ ገፍቶታል። ከዚያ በኋላ ግን ተደመሰሰ። አብዛኛው አጭር ጽሑፍ «በቁጥር ስላነሱ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መልስ ተማሪ አያሳምንም፤ ቁጥር ብቻ ቢሆን መጀመሪያውኑ አይገፉም ነበር። አሰላለፉን፣ የእያንዳንዱን ክፍል ብዛትና የተሰበረበትን ቦታ በትክክል የሚያውቅ ቢያስረዳኝ። ደግሞም ልጆቹ ሰገሌን በደንብ ስለሚያውቁ ከሰገሌ ጋር ማነጻጸር ያስኬዳል ወይ?


አንጎለላ

መምህር፣ ጥያቄዎ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ከቁጥሩ ልጀምርና ወደ አሰላለፉ ልሂድ፤ ምክንያቱ አሰላለፉ ውስጥ ስላለ።

የፍሎረንሱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ቪላኒ ለፍሎረንስና ለአጋሮቿ 1,600 ፈረሰኛና ከ10,000 በላይ እግረኛ፣ ለአሬዞ 800 ፈረሰኛና 8,000 እግረኛ ይሰጣል። ከ1,600ው ውስጥ 600 ያህሉ የፍሎረንስ ዜጎች ናቸው፤ የቀረው በደመወዝ የተቀጠረና ከሉካ፣ ከሲዬና፣ ከፒስቶያ፣ ከፕራቶና ከሌሎች ከተሞች የመጣ ነው። አንድ ባቄላ ወይም ሽምብራ 50 ፈረሰኛ፣ አንድ ምስር 100 እግረኛ ያድርጉት። ለፍሎረንስ 32 ባቄላና 100 ምስር፣ ለአሬዞ 16 ሽምብራና 80 ክክ ይወጣል።

ልኬቱን 1 ሳንቲሜትር ለ10 ሜትር ያድርጉ፤ ጠረጴዛዎ በቁመቱ 2 ኪሎ ሜትር ሜዳ ይይዛል። ጎን ለጎን ተጠጋግቶ የሚቆም ፈረሰኛ አንድ ሜትር ያህል ቦታ ይወስዳል። የፍሎረንስ ቀዳሚ መቺዎች፣ ፈዲቶሪ የሚባሉት፣ 150 ነበሩ፤ በአንድ ረድፍ 150 ሜትር፣ በጠረጴዛው 15 ሳንቲሜትር ይሆናሉ። 3 ባቄላ ነው፤ በ5 ሳንቲሜትር ርቀት ዘርዘር አድርገው ይደርድሯቸው። መሪያቸው ቪዬሪ ዴ ቼርኪ ነው። ሀብታም ነጋዴ ነው፤ በዚያ ቀን እግሩ ታምሞ እያለም ራሱን፣ ልጁንና የወንድሙን ልጆች በፊተኛው መስመር አቆመ። የእነ አሬዞ ፈዲቶሪ ደግሞ 300 ናቸው። በሁለት ረድፍ ሲቆሙ እነሱም 15 ሳንቲሜትር ይይዛሉ፤ 6 ሽምብራ አጠጋግተው ያስቀምጡ። ተማሪው በዓይኑ እንዲያየው የሚፈለገው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፦ በጠቅላላው በፈረሰኛ እጥፍ የሆነችው ፍሎረንስ፣ በሚጋጩበት ቦታ ላይ ግን ግማሽ ናት። አሬዞ ኃይሏን በአንድ ምት ላይ አከማችታለች። ከ300ው ውስጥ 12 ታላላቅ ባላባቶች ፓላዲን ተብለው ከሁሉ ፊት ወጥተው ነበር።

ከፍሎረንስ ፈዲቶሪ ኋላ ዋናው የፈረሰኛ ጦር ነው። 25 ባቄላ ይቀርዎታል፤ 24ቱን በ4 ረድፍ ስድስት ስድስት አድርገው፣ አንዱን ከመሃል ለአዛዡ ለናርቦኑ አሜሪጎ ከነሰንደቁ ይተዉት። አሜሪጎ ወጣት ፈረንሳዊ ነው፤ በውጊያ ያረጀው አማካሪው ጉልዬልሞ ዲ ዱርፎር እዚያው ሞቷል። የቀሩት 4 ባቄላዎች (200 ፈረሰኛ) ከኮርሶ ዶናቲ ጋር ወደ ጎን ተለይተው ይቆማሉ፤ 10 ምስርም ይስጡት፤ የፒስቶያና የሉካ እግረኛ አብሮት ስለነበር።

አሁን ክንፎቹ። በቀኝና በግራ 30፣ 30 ምስር፤ እያንዳንዱ ክንፍ 10 በወርድ፣ 3 በጥልቀት። ይህ የእግረኛ ክፍፍል ለጠረጴዛው እንዲመች የተደረገ ነው እንጂ ከዜና መዋዕል የተቀዳ አይደለም፤ ክንፎቹ በትላልቅ ጋሻ ያዦችና በባሌስትራ (በግንድ ላይ የተጋደመ ቀስት) ተኳሾች የተሞሉ መሆናቸው ግን የታወቀ ነው። ክንፎቹን ከባቄላው መስመር 4 ሳንቲሜትር ቀደም አድርገው ያውጧቸው፤ ከላይ ሲታይ ጎድጓዳ ጨረቃ እንዲመስል። የቀሩትን 30 ምስሮች ከዋናው ፈረሰኛ ኋላ፣ ከእነሱም ኋላ ጓዙን ይደርድሩ። ለጓዙ የክብሪት ሣጥኖች ጎን ለጎን ይበቃሉ። ጓዙን እንዳይረሱት አደራ፤ የፍሎረንስ ጦር ሲገፋ ጀርባውን የያዘለት እሱ ነው። ጋሪና የጭነት እንስሳ በተከማቸበት በኩል ፈረሰኛ ዞሮ መሸሽ አይችልም። የሚገፋው ጦር ይጠቀጠቃል እንጂ አይበተንም።

በአሬዞ በኩል 6 ሽምብራ ፊት፣ 7 ሽምብራ ሁለተኛ መስመር፣ 3 ሽምብራ (150 ፈረሰኛ) ለብቻው ወደ ጎን ከኮንት (የባላባት ማዕረግ ነው) ጊዶ ኖቬሎ ጋር። 80ውን ክክ ከሁለተኛው መስመር ኋላ።


ሞላሌ

አንጎለላ ያስቀመጠው አሰላለፍ ላይ እንቅስቃሴውን ልጨምር። ምስጢሩ ያለው በፈረስና በእግረኛ ፍጥነት ልዩነት ነው።

በሁለቱ ጦር መካከል 40 ሳንቲሜትር (400 ሜትር) ክፍተት ይተዉ። አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ይሁን። ብረት የለበሰ ሰው የተሸከመ ፈረስ በሶምሶማ በደቂቃ 240 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሰልፉን ጠብቆ የሚራመድ እግረኛ ደግሞ 80 ሜትር። ስለዚህ ሽምብራ በዙር 24 ሳንቲሜትር፣ ክክ 8 ሳንቲሜትር። ፍሎረንስ አትንቀሳቀስም።

በሁለተኛው ዙር ሽምብራዎቹ 40ውን ጨርሰው ከ3ቱ ባቄላ ጋር ይጋጫሉ። ክኩ በዚያ ጊዜ 16 ላይ ነው፤ 24 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል። በሜዳ 240 ሜትር ማለት ነው። ባቄላዎቹን ገልብጠው ያስተኟቸው፤ ከፍሎረንስ ፈዲቶሪ አብዛኛው ከፈረሱ ተጥሏልና። በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር ዋናውን ባቄላ 5፣ 5 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይግፉት። ቪላኒ ጦሩ ጥቂት የማይባል ሜዳ ለቆ እንዳፈገፈገ፣ ነገር ግን እንዳልተሰበረ ጽፏል። አሁን ሽምብራው 50 ላይ ደርሷል። ክንፎቹ ግን አልተገፉም፤ 36 ላይ እንደቆሙ ናቸው። የአሬዞ ፈረሰኛ ባሸነፈ ቁጥር ወደ ጆንያው ጥልቀት እየገባ ነው። በአምስተኛው ዙር ክኩ 40 ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ክፍት መንገድ ሳይሆን ከግራና ከቀኝ ወደ መሃል የታጠፈውን ምስር ነው። ፈረሰኛና እግረኛ ተለያዩ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የተከተለ ነው።

ትክክለኛው ውጊያ ሰዓታት የፈጀ ስለሆነ ይህ አምስት ዙር የመጀመሪያውን ምት ብቻ እንደሚያሳይ ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው።

አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። የአሬዞ እግረኛ ሁሉ ውጭ አልቀረም። በዘመኑ የነበረው የፍሎረንስ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዲኖ ኮምፓኚ፣ ጩቤ የያዙ የአሬዞ እግረኞች በፈረሶች ሆድ ሥር እየተንፏቀቁ ገብተው ፈረሶቹን እንደዘረገፉ ይናገራል። ስለዚህ 5 ክክ ከሽምብራው ጋር እኩል ይሩጡ። ይህ ለፍሎረንስ ከባዱ ሰዓት ነበር፤ መሃሉ ሊፈርስ የቀረበው በፈረሱ ግፊት ብቻ ሳይሆን ከታች በሚመጣው ጩቤም ነው።

ስለ ባሌስትራ ደግሞ። በእንጨት ግንድ ላይ የተጋደመ፣ ምላስ ሲሳብ የሚለቅ ቀስት ነው። ተኳሹ እግሩን ከፊት ባለው ቀለበት ውስጥ አስገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጅማቱን ወገቡ ላይ ባለው ሜንጦ ሰክቶ ቀና ሲል ይወጠራል። በደቂቃ ሁለት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ሲወጥር ሁለቱም እጁ ተይዞ፣ አንገቱ ደፍቶ ስለሚቆይ ፈረሰኛ በዚያ ጊዜ ቢደርስበት አለቀ። ለዚህ ነው ከፊቱ ጋሻ ያዥ የሚቆመው። የፍሎረንስ ጋሻዎች ሰው የሚሸፍኑ፣ መሬት ላይ የሚቆሙ፣ ነጭ መደብ ላይ ቀይ የአበባ ምልክት ያለባቸው ነበሩ። በካርቶን ቆርጠው በክንፎቹ ፊት ቢተክሉት ያምራል። ዓይኑ ደካማ የነበረው የአሬዞ ጳጳስ ጉልዬልሚኖ ዴሊ ኡበርቲኒ ከሩቅ ሲያየው «ያ ምን ግንብ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የጠላት ጋሻ ነው ተባለ። ጳጳሱ ራሱ ጦር መርቶ እዚያው ሞተ።

በጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተማሪ ተኳሾቹን ከባቄላው ፊት ሲያስቀምጥ ነው። እዚያ ካስቀመጣቸው በሁለተኛው ዙር ተረግጠው ያልቃሉ። ቦታቸው ጎን ነው። ጎን ሲቆሙ ፈረሰኛው አልፏቸው ከገባ በኋላም ይተኩሳሉ፤ ያውም ጋሻ በሌለበት በኩል። ኮምፓኚም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ፍላጻ ዘነበ፣ የአሬዞ ሰዎች ተኳሽ አነሳቸው፣ ባልተሸፈነው ጎናቸውም ተመቱ። በተረፈ አየሩ ደመናማ፣ አቧራው የበዛ ስለነበረ ከኋላ ያለው የአሬዞ እግረኛ ከፊቱ ምን እየሆነ እንዳለ ማየት አልቻለም።


ሸኖ

ስለ ሰገሌ የጠየቁትን እኔ ልሞክር፤ ቦታው እዚሁ ሰፈራችን ስለሆነ ተማሪዎቹ የሚያነጻጽሩት አይቀርም።

ያስኬዳል፤ ግን በአንድ ነጥብ ብቻ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤልና የሸዋ ጦር ሲገጥሙ ጠመንጃ፣ መድፍና መትረየስ ነበር። ካምፓልዲኖ ላይ ባሩድ የለም፤ በሩቅ የሚገድለው ባሌስትራ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ መሣሪያ፣ ስለ ርቀት፣ ስለ ምሽግ ማነጻጸር ልጆቹን ያሳስታቸዋል። ሊነጻጸር የሚችለው ከዋናው ቀን በፊት የተገኘ ድል ያሳደረው መተማመን ነው። ንጉሥ ሚካኤል ከሰገሌ ጥቂት ቀናት በፊት ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደምስሰዋል፤ ራስ ልዑል ሰገድም እዚያው ወድቀዋል። አሬዞም በ1288 በፒዬቬ አል ቶፖ የሲዬናን ጦር አድፍጣ ፈጅታ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሬዞ ሰዎች የፍሎረንስን ወታደር እንደ ሴት ጸጉሩን የሚያበጥርና ፊቱን የሚያሳምር ነው እያሉ ይንቁት እንደነበር ቪላኒ ጽፏል። የጠላትን ግማሽ ብቻ የሚሆን ፈረሰኛ ይዘው ፊት ለፊት ለመግጠም ያደፈራቸው አንዱ ይህ ነው።

አሰላለፉን ለማስረዳት ግን ሰገሌ አያስፈልግም። ፊት፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ደጀን የሚለው አደረጃጀት ለልጆቹ እንግዳ አይደለም፤ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች ሲባል ሲሰሙ ነው ያደጉት። ቪዬሪ ዴ ቼርኪ በፊታውራሪ ቦታ፣ ክንፎቹ በቀኝና በግራ፣ ጓዙና የኋላው እግረኛ ደጀን ብለው ቢጀምሩ በአምስት ደቂቃ ይገባቸዋል።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 17 ቀን 1281 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። «ሰኔ» ሲባል የደብረ ብርሃን ልጅ ወዲያው ጭቃ ያስባል፤ ፈረስ በጥቁር አፈር ተያዘ ብሎ እንዳይተረጉመው ይጠንቀቁ። በቶስካና በጋው ገና መግባቱ ነው፤ መሬቱ ደረቅ፣ ፈረስ የሚያስሮጥ ነበር። ኃይለኛው ዝናብ የመጣው ውጊያው ካለቀ በኋላ፣ ወደ ማታ እንደሆነ ይነገራል። በእኛ በኩል ዘመኑን ማስታወሻ ከፈለጉ፣ የአፄ ይኩኖ አምላክ ልጅ አፄ ያግብዓ ጽዮን የነገሡበት ዘመን ነው።


መምህር ዘደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍጥነቱን ሒሳብ በወረቀት ሠርቼ አየሁት፤ አምስተኛው ዙር ላይ በትክክል ይዘጋል። አንድ ነገር ግን ተማሪዎቼ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አሬዞ ለብቻ ያቆመቻቸው 3 ሽምብራዎች አሉ፤ ፍሎረንስም ለብቻ ያቆመቻቸው 4 ባቄላዎች። ሁለቱም ተጠባባቂ ናቸው። አንዱ ገባ፣ ሌላው አልገባም። ለምን? ሲገባስ የት ነው የመታው?


ሰላ ድንጋይ

መምህር፣ ለእኔ የካምፓልዲኖ እምብርት እዚህ ላይ ነው።

ኮርሶ ዶናቲ በዚያ ዓመት የፒስቶያ ፖዴስታ፣ ማለትም ከውጭ የተሾመ የከተማው አስተዳዳሪ ነበር። ከተጠባባቂው ጋር ሲቆም የተሰጠው ትእዛዝ ጥብቅ ነው፦ ካልታዘዝክ እንዳትነቃነቅ፣ ከተነቃነቅህ አንገትህ ይቀላል። መሃሉ ሲገፋ አየ። ብንሸነፍ ከወገኖቼ ጋር ልሙት፤ ብናሸንፍ የሚቀጣኝ ፒስቶያ ድረስ ይምጣ፤ ይህን ብሎ ሳይታዘዝ ገባ። የመታውም የአሬዞን ጦር ከጎን ነው። በጠረጴዛው ላይ በአምስተኛው ዙር፣ ክንፎቹ ሲታጠፉ፣ 4ቱን ባቄላ ከጎን ወደ ሽምብራው ወገብ ያስገቧቸው። ፊት ለፊት እንዳያስገቧቸው፤ ፊት ለፊት ከገቡ የተጠቀጠቀውን መሃል ያባብሱታል እንጂ አያቃልሉትም። የጎን ምት ኃይሉ፣ የተመታው ፈረሰኛ ፊቱን ሊያዞር ሲሞክር ጦሩ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚጠላለፍ፣ ፈረሱም መዞሪያ ቦታ ስለማያገኝ ነው።

ጊዶ ኖቬሎ የተሰጠው ሥራ ከዚሁ ጋር አንድ ነበር፦ 150 ፈረሰኛ ይዞ ፍሎረንስን ከጎን መምታት። አልመታም። አንድ ምት ሳይሰነዝር ወደ ግንቦቹ ሸሸ። በዚያ አገር የነበረው መሬት የራሱና የወገኖቹ የጊዲ ኮንቶች ነው፤ የፖፒ ግንብም ከሜዳው ይታያል። ፈርቶ ይሁን ወይም ነገሩ እንደጠፋ ቀድሞ ተረድቶ፣ ሰው እንደፈለገው ይፍረደው። እኔ የምለው፣ እነዚያ 3 ሽምብራዎች በሦስተኛው ዙር ላይ፣ ክንፎቹ ገና ሳይታጠፉ፣ በአንደኛው ክንፍ ላይ ቢወድቁ ኖሮ ተኳሾቹ መወጠራቸውን ትተው ራሳቸውን መከላከል ይገደዱ ነበር። ክንፉ አይታጠፍም፤ የጆንያው አፍ ክፍት ይቀራል፤ የቀረውም ክክ በዚያ ይገባል። ስለዚህ «በቁጥር አነሱ» የሚለውን መልስ ተማሪ ሲያነሳ፣ 3ቱን ሽምብራ ያሳዩት።

አንድ ትምህርት የሚሆን ቃል ደግሞ አለ። ከውጊያው በፊት የሳን ሚኒያቶው ባሮኔ ማንጃዶሪ ለፍሎረንስ ሰዎች ምክር ሰጥቷል፤ ኮምፓኚ ነው ያቆየልን። ሐሳቡ በአጭሩ፦ ቀድሞ በቶስካና ጦርነት የሚያሸንፈው ደህና አድርጎ ያጠቃ ነበር፤ ብዙም ሰው አይሞትም ነበር፤ አሁን ግን የሚያሸንፈው ጸንቶ የቆመ ነው፤ ስለዚህ ጸንታችሁ ቁሙ፣ ማጥቃቱን ለእነሱ ተዉላቸው። የፍሎረንስ ዕቅድ በሙሉ በዚህ ላይ የታነጸ ነው። የፊቱ 150 ሰው የተመደበው ሊያሸንፍ አልነበረም። ምቱን በገላው ተቀብሎ እንዲያበርድ ነው። ለዚህ ነው ቪዬሪ ሌላውን ከመመደብ በፊት ራሱንና ቤተሰቡን የጻፈው፤ እሱን አይቶ ብዙ ባላባት እያፈረ በፈቃዱ ስሙን አስመዘገበ።

ለልጆቹ የሚስባቸው ከሆነ፣ በፈረሰኞቹ መካከል የ24 ዓመቱ ገጣሚ ዳንቴ አሊጊዬሪ እንደነበረ የኋላ ዘመን ታሪክ ጸሐፊው ሊዮናርዶ ብሩኒ ጽፏል።


አንኮበር

ሁሉም ተብሏል፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፤ አንዱ ከውጊያው በፊት፣ ሌላው ከኋላው።

ከጠረጴዛው ጎን አንድ ትንሽ ካርታ ቢሰቅሉ መልካም ነው። ከፍሎረንስ ወደ አሬዞ የሚወስደው ቀላሉ መንገድ የአርኖን ሸለቆ ይዞ የሚሄደው ነው፤ አሬዞም የጠበቀችው በዚያ ነበር። ፍሎረንስ ሰንደቋን በዚያ አቅጣጫ ባለው ባዲያ አ ሪፖሊ አቁማ በዚያ የምትሄድ አስመሰለች። ከዚያ ጦሩ አርኖን ተሻግሮ፣ በኮንሱማ ተራራ በኩል በአስቸጋሪ መንገድ ወደ ካዜንቲኖ ወረደ። እንደ ጣርማበር ያለ መንገድ በጓዝና በጋሪ መሻገር ማለት ነው። መንገድ ላይ ቢያዙ ያልቁ ነበር። ግን የአሬዞ ጦር በጊዜ አልደረሰባቸውም፤ ሲደርስም ፍሎረንስ ሜዳውን መርጣ፣ ጓዟን ከኋላ አድርጋ ጠበቀችው። በጠረጴዛው ላይ ፍሎረንስን በላይኛው፣ ማለትም በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ አሬዞን በፖፒና በቼርቶሞንዶ የፍራንሲስካውያን ገዳም በኩል ያቁሟቸው። አርኖ ወንዝ በሜዳው ጎን ይወርዳል። ገዳሙን አይተዉት፤ ከሙታኑ ብዙዎቹ የተቀበሩት በእሱ ዙሪያ ነው።

ከውጊያው በኋላ ደግሞ፦ ከአሬዞ ወገን ከ1,700 በላይ ሞቱ፣ ከ2,000 በላይ ተማረኩ ይላል ቪላኒ። ጳጳሱ፣ ጉልዬልሞ ዴ ፓዚ፣ ቦንኮንቴ ዳ ሞንቴፌልትሮ ሁሉ ወደቁ፤ የቦንኮንቴ ሬሳ አልተገኘም። ይህን ያህል ድል ይዞ ግን ፍሎረንስ አሬዞን አልያዘችም። በቀጥታ ወደ ከተማይቱ መገስገስ ሲገባት በካዜንቲኖ ቢቢዬናን እየያዘች፣ ግንብ እያፈረሰች ቀናት አባከነች። ጦሩ አሬዞ ሲደርስ ከተማይቱ ከድንጋጤዋ ተመልሳ በሯን አጠናክራለች። ከበቧት፤ የጳጳስ አክሊል ያደረጉ አህዮችን በወንጭፈ ድንጋይ መሣሪያ ወደ ውስጥ ወረወሩ፤ ስድብ እንጂ ጥቅም የለውም። የአሬዞ ሰዎች ወጥተው የከበባውን የእንጨት ማማዎች አቃጠሉ። ፍሎረንስ ከበባውን ትታ ተመለሰች።

ቪዬሪ ዴ ቼርኪና ኮርሶ ዶናቲ፣ በአንድ ቀን አንዱ ምቱን ተቀብሎ ሌላው ከጎን መትቶ ከተማቸውን ያዳኑ ሁለት ሰዎች፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው የነጭና የጥቁር ጉዌልፍ (የሮማውን ጳጳስ የሚደግፈው ወገን ነው) ወገኖች መሪ ሆነው እርስ በርስ ተፋጁ። ዳንቴ በ1302 የተሰደደውም በዚሁ ጠብ ነው። ይህ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይበቃዎታል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ልጆች በሥዕል ያዩትን ካሮቾ፣ በበሬ የሚጎተተውን የከተማ ሰንደቅ ጋሪ፣ ማስገባት ይፈልጋሉ። እዚህ አያስገቡት። ታሪኩ ሞንታፔርቲ ላይ ነው፤ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1260፣ ፍሎረንስ በሲዬና ስትሸነፍ ካሮቾዋ የተማረከበት። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ከተደባለቁ ልጆቹ ማን የት እንደተሸነፈ ይጠፋባቸዋል።


መምህር ዘደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ያክብርልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሁለት ጊዜ ላጫውታቸው አስቤያለሁ፤ አንዴ እንደሆነው፣ አንዴ ጊዶ ኖቬሎ ገብቶ ቢሆን በሚል። ሁለተኛውን እንዴት ልምራው?


አንጎለላ

ሰላ ድንጋይ እንዳለው ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ 3ቱን ሽምብራ ይፍቀዱ። ግን ዝም ብሎ መፍቀድ ጨዋታውን ያበላሻል፤ ልጁ ውጤቱን ስለሚያውቅ ወዲያው ያስገባቸዋል። ጊዶ የነበረበት ችግር ማየት አለመቻሉ ነው። ደመናና አቧራ ስለነበረ፣ ጊዶን የሚይዘውን ተማሪ ጀርባውን ለጠረጴዛው አዙሮ ያቁሙት። በየዙሩ አንድ ሌላ ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይንገረው፤ «የፍሎረንስ ፊት ወድቋል»፣ «መሃሉ እየተገፋ ነው»፣ ከዚያ በላይ የለም። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይወስን። ኮርሶን የሚይዘውም ልጅ እንዲሁ ይቁም፤ ለእሱ ግን ሌላ ሕግ ይጨምሩለት፦ ሳይታዘዝ ከገባና ፍሎረንስ ከተሸነፈች ከጨዋታው ይወጣል።

ጊዶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር ከገባ፣ የመታው ክንፍ በዚያና በሚቀጥለው ዙር አይታጠፍ፤ ተኳሾቹም አይቁጠሩ። ክኩ በዚያ በኩል ከሚያልፈው ግማሹን ብቻ ያሳልፉ። ሌላኛው ክንፍ ስለሚታጠፍ ውጤቱ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ኮርሶ የት በኩል እንደቆመ ይወስነዋል። ጊዶ በአምስተኛው ዙር ከገባ ግን ምንም አይለውጥም፤ የሚመታው ወደ ውስጥ ታጥፎ ጋሻውን ያዞረ ክንፍ ነው።

ለአንዱ ጨዋታ 40 ደቂቃ ይያዙ። ምስሩና ክኩ ከአሸዋው ጋር ስለሚቀላቀል፣ ከሥሩ ከረጢት ቆርጠው አንጥፈው አሸዋውን ስስ አድርገው ይበትኑ፤ ሲጨርሱ በወንፊት ይለያል።